ከቀዳዳው እንጀምር፦ የቡና ድሪፐር አመራረጥና አጠቃቀም

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ቡና ማውራት ከተጀመረ ማቆም ስለሚያስቸግር በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ጠረጴዛው ላይ የደረደርኳቸውን ድሪፐሮች ስትገቡ አይታችኋል። ድሪፐር ማለት የተፈጨ ቡና ማጣሪያ ላይ ተደርጎ ከላይ ሙቅ ውሃ ሲፈስበት፣ ቡናው ከታች ባለው ቀዳዳ ወደ ኩባያ የሚወርድበት ዕቃ ነው። ፕላስቲክ አለ፣ ሴራሚክ አለ፣ ብርጭቆ አለ፣ ብረትም አለ። ድሪፐር ሊገዛ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው መልኩ ላይ ነው። እኔ ደግሞ አዲስ ድሪፐር ሲሰጡኝ መጀመሪያ ገልብጬ ታቹን ነው የማየው። ስንት ቀዳዳ አለው? ቀዳዳው ምን ያህል ይሰፋል? ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በሙሉ የሚነሳው ከዚያ ቀዳዳ ነው።

ድሪፐር ውሃ አያሞቅም፣ ቡና አይፈጭም፣ አይመዝንም። ዋና ሥራው አንድ ነው፤ ውሃው ከቡናው ጋር ስንት ጊዜ እንደሚቆይ መወሰን። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ይህን ውሳኔ በአብዛኛው ድሪፐሩ ራሱ ይወስናል። እናንተ ውሃውን ፈጠን አድርጋችሁ ብትሞሉትም እሱ በራሱ ልክ ነው የሚያወርደው። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ግን ውሳኔው ወደ እጃችሁና ወደ አፈጫጨታችሁ ይዞራል። እንግዲህ ድሪፐር ስትመርጡ የምትመርጡት ለእጃችሁ ምን ያህል ሥራ እንደምትተዉለት ነው። ጠዋት እንቅልፉ ሳይለቀው ለሚያፈላ ሰውና ቅዳሜ ከሰዓት ተረጋግቶ ለሚያፈላ ሰው መልሱ አንድ አይደለም።

ነገሩ ከጅምሩም ከቀዳዳ ነው የተነሳው። ሜሊታ ቤንትዝ የምትባል የጀርመን የድሬስደን ከተማ ነዋሪ በቡናዋ ውስጥ የሚቀረው አተላና ምሬት አስመርሯት ነበር። የናስ ዕቃ ታቹን በምስማር በሳሳችና ከልጇ ደብተር ላይ የወሰደችውን ቀለም መምጠጫ ወረቀት አነጠፈችበት። ቡናውን ወረቀቱ ላይ አድርጋ የፈላ ውሃ አፈሰሰችበት። ከታች ጥርት ያለ ቡና ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1908 የፈጠራ መብቷን አስመዘገበች፤ በዚያው ዓመትም ኩባንያዋን አቋቋመች። ዛሬ በስሟ የሚሸጠው ድሪፐር ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ባለ ጠባብ ቀዳዳ ነው። ለጀማሪ በጣም ይመቻል፤ ስህተትን ይታገሳል። እንዲያው አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። የዚህ ድሪፐር ወረቀት ጎኑና ታቹ ላይ የተጠቀጠቀ መስመር አለው። ሁለቱን መስመሮች በተቃራኒ አቅጣጫ እጠፏቸው፣ አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ። ያን ጊዜ ወረቀቱ ደህና አድርጎ ይቀመጣል።

ሌላው ድሪፐር ኬሜክስ ይባላል፤ የሠራው ፒተር ሽሉምቦም ኬሚስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 የላቦራቶሪ ሾጣጣ የብርጭቆ ጠርሙስንና የላቦራቶሪ ማጣሪያ ፈነልን አንድ ላይ አጋብቶ፣ ወገቡን በእንጨት አቅፎ በቆዳ ጠፍር አሰረው። ኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በስብስቡ ውስጥ አስቀምጦታል። እውነትም ያምራል። ቡናውን ግን ልዩ የሚያደርገው ውበቱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ከሌሎቹ ወፈር ያለ ስለሆነ ዘይቱንና ደቃቁን ዱቄት አጥብቆ ይይዛል። የሚወጣው ቡና ንጹሕና ቀለል ያለ ነው። ወፈር ያለ፣ አፍ የሚሞላ ቡና የምትወዱ ከሆነ ኬሜክስ ላያረካችሁ ይችላል፤ ሳትገዙት በፊት ይህን እወቁ። ወረቀቱ ሲታጠፍ በአንድ በኩል ሦስት ድርብ ይሆናል። ያንን ጎን በማፍሰሻው በኩል አድርጉት። ነጠላው ከሆነ እርጥብ ወረቀት ወደ ማፍሰሻው ቦይ ገብቶ ይጣበቅና አየር ማለፊያ ያጣል፤ ቡናውም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

አሁን ብዙ ሰው እጅ ላይ የምታዩት ቪ ስልሳ የጃፓኑ የሃሪዮ ኩባንያ ሥራ ነው። ስሙ የመጣው ከጎኖቹ የ60 ዲግሪ ማዕዘን ነው። ታቹ ላይ አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው፤ ጣት ያስገባል። ግድግዳው ላይ የሚጠመዘዙ ሸንተረሮች አሉ። ሸንተረሮቹ ለጌጥ አይደሉም። ወረቀቱ ከግድግዳው ጋር እንዳይጣበቅና አየር እንዲያልፍ ያደርጋሉ። በዚህ ድሪፐር ላይ ውሃውን የሚይዘው ቡናው ራሱ ነው፣ ቀዳዳው አይደለም። ስለዚህ የአፈጫጨት ለውጥ፣ የአፈሳስ ለውጥ ወዲያው ጣዕሙ ላይ ይታያል። ለሚጫወትበት ሰው ግሩም ዕቃ ነው። ዝም ብዬ ላፍላ ለሚል ግን ያስቸግራል።

በጠባብ ቀዳዳው ሜሊታና በሰፊ ቀዳዳው ቪ ስልሳ መካከል ያለው ካሊታ ዌቭ ነው። ታቹ ጠፍጣፋ ነው፤ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ወረቀቱ ዙሪያውን የተሸበሸበ ስለሆነ ግድግዳውን እምብዛም አይነካም። ቡናው ከዳር እስከ ዳር እኩል ጥልቀት ስላለው ውሃው ተመጣጥኖ ያልፋል። አንድ ሰው አንድ ብቻ ምረጥልኝ ቢለኝ፣ እጁ ገና ያልተካነ ከሆነ፣ ጠፍጣፋ ታች ያለውን ነው የምመርጥለት።

ሌላም አለ። ታቹ ላይ መክደኛ ያለው፣ ክሌቨር የሚባለው። ውሃና ቡናውን አንድ ላይ ጨምራችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታቆዩታላችሁ። ከዚያ ኩባያ ላይ ስታስቀምጡት መክደኛው ይከፈትና ቡናው ይወርዳል። ቀጭን አፍ ያለው ማንቆርቆሪያ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ መላ አላውቅም። አፈሳስ ላይ የሚሠራ ስህተት እዚህ ብዙም አይጎዳም።

ስለ ቁሱ አጭር ልበል። ብዙ ሰው ሴራሚክ ከፕላስቲክ ይበልጣል ብሎ ያስባል። በሙቀት በኩል ካየነው ግን ፕላስቲኩ ነው የሚሻለው። ሴራሚክ ከባድ ነው፤ እሱ ራሱ እስኪሞቅ ድረስ ከውሃችሁ ሙቀት ይወስዳል። ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ ሙቀትም ቶሎ አያሳልፍም። በዚያ ላይ ርካሽ ነው፤ ቢወድቅም በቀላሉ አይሰበርም። ሴራሚክ ወይም ብርጭቆ ካላችሁ አትጣሉት። ከማፍላታችሁ በፊት በፈላ ውሃ በደንብ አሙቁት፣ በቃ።

ለምን ርካሹን እንደምመክር ልንገራችሁ። ድሪፐር ላይ የምታተርፉትን ገንዘብ መፍጫ ላይ አውሉት። ይህ ዛሬ ከምላችሁ ሁሉ ትልቁ ነው። በምላጭ የሚቆራርጥ መፍጫ ቡናውን አይፈጨውም፣ ይከታትፈዋል። ግማሹ እንደ ዱቄት ልሞ፣ ግማሹ ክክ ሆኖ ይቀራል። ከዱቄቱ ውስጥ ጣዕሙ ከልክ በላይ ይወጣና ይመራል። ክኩ ውስጡን ሳይሰጥ ይቀርና ይጎመዝዛል። አንድ ኩባያ ውስጥ ምሬትም ጉምዛዜም አንድ ላይ ታገኛላችሁ። የትኛውም ድሪፐር ይህን አያስተካክልም። በሁለት ጥርሳም ቀለበቶች መሃል የሚፈጨው፣ በእጅ የሚዞርም ቢሆን፣ ፍሬውን ተቀራራቢ መጠን ያደርገዋል። የጥርሶቹን ርቀት በማጥበብና በማስፋት ደግሞ ልመቱን ትቆጣጠራላችሁ። ውድ ድሪፐር ይዞ በምላጭ ከሚፈጭ ሰው ይልቅ፣ ተራ ፕላስቲክ ይዞ ደህና መፍጫ ያለው ሰው ነው ጥሩ ቡና የሚጠጣው።

ሚዛንም ያስፈልጋል፤ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ማንኪያ አያስተማምንም። ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና ቀላል ነው፤ ነጣ ብሎ የተቆላው ይከብዳል። በአንድ ማንኪያ ልክ ሁለቱ የተለያየ ክብደት ይሰጧችኋል። ከዚያ ትናንት ለምን ጣፈጠ፣ ዛሬ ለምን ቀጠነ ብላችሁ ትጨነቃላችሁ።

በሉ አሁን እናፍላ። 15 ግራም ቡና፣ 250 ግራም ውሃ። ለአንድ ግራም ቡና ከ15 እስከ 17 ግራም ውሃ ድረስ መሄድ ይቻላል፤ ይህ በዚያ ክልል ውስጥ ነው። አፈጫጨቱ መካከለኛ ይሁን። በጣት ስትፈትጉት እንደ ደረቅ አሸዋ መሻከር አለበት።

መጀመሪያ ወረቀቱን ድሪፐሩ ላይ አድርጋችሁ በሙቅ ውሃ እጠቡት። የወረቀቱ ጠረን ይወጣል፣ ድሪፐሩም ይሞቃል። ቡናማው ወረቀት ከነጩ ይልቅ የወረቀት ጣዕም ይተዋል፤ እሱን ደጋግማችሁ እጠቡት። የታጠበበትን ውሃ መድፋት አትርሱ። ከዚያ ቡናውን ጨምሩና ድሪፐሩን ነቅነቅ አድርጋችሁ ላዩን ደልድሉት።

ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ሰዓት አስነሱ። መጀመሪያ 40 ወይም 45 ግራም ውሃ ብቻ አፍስሱ፣ ሁሉም ቦታ እንዲረጥብ ከመሃል ወደ ዳር እያዞራችሁ። አሁን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ቡናው ያብጣል። ላዩ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ አረፋው ይፈነዳና ትንንሽ ጉድጓዶች ይከፈታሉ። የሚወጣው ሲቆላ በውስጡ የቀረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ እያለ ውሃው ወደ ፍሬው ውስጥ በደንብ አይዘልቅም፤ ጋዙ ይገፋዋል። ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ጠብቁት። ኩፍታው ረግቶ ላዩ ያንጸባርቅ የነበረው ውሃ ሲሰርግ ቀጥሉ። ቡናው ጨርሶ ካላበጠ ከተቆላ ብዙ የቆየ ነው። ከልክ በላይ ካበጠ ደግሞ ገና ትናንት ወይም ዛሬ የተቆላ ይሆናል፤ ጥቂት ቀን ቢያርፍ ጣዕሙ ይከፈታል።

ከዚያ ቀስ ብላችሁ እስከ 150 ግራም ድረስ አፍስሱ። ውሃው ዝቅ ሲል እስከ 250 ሙሉት። የሚፈሰው ውሃ ቀጭን ይሁን፤ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርጋችሁ አታንዠቅዥቁ። ወረቀቱ ላይ በቀጥታ አታፍስሱ፤ እዚያ የፈሰሰ ውሃ ቡናውን ሳይነካ በጎን ሾልኮ ኩባያ ውስጥ ይገባል። የመጨረሻውን ውሃ ስትጨርሱ ድሪፐሩን ያዝ አድርጋችሁ በዝግታ አንድ ጊዜ አሽከርክሩት። ዳር ላይ የተለጠፈው ይወርዳል፣ ላዩም ይስተካከላል። ሁሉም ወርዶ ሲያበቃ ሰዓቱ ከሁለት ደቂቃ ተኩል እስከ ሦስት ደቂቃ ተኩል ቢያሳይ ጥሩ ነው። ኩባያችሁ ውስጥ የምታገኙት 220 ግራም አካባቢ ነው። የቀረውን ቡናው ጠጥቶታል፤ አንድ ግራም ቡና ሁለት ግራም ያህል ውሃ ይይዛል።

ስታበቁ ወረቀቱን ወዲያው አትጣሉት። አተላውን እዩት። ሜዳ ሆኖ ከተኛ ውሃው እኩል አልፏል። አንድ ጎን ከተቦረቦረ ውሃው በዚያ አቋርጧል፤ ሌላው በኩል ያለው ቡና ጣዕሙን ይዞ ቀርቷል። እንዲያ ሲሆን በሚቀጥለው ጊዜ ዝቅ አድርጋችሁ፣ በዝግታ አፍስሱ።

ስለ ውሃው ሙቀት ብዙ ክርክር አለ። ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ለአብዛኛው ቡና ይሆናል። ነጣ ብሎ የተቆላ ቡና ሞቅ ያለውን ይፈልጋል፤ ጠቆር ያለው ከ90 በታችም ቢወርድ አይከፋውም። አንድ የሚዘነጋ ነገር ግን አለ። ከባሕር ጠለል ከፍ ባላችሁ ቁጥር ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ በግምት አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደጋ ላይ የምትኖሩ ከሆነ "ከፈላ በኋላ ትንሽ ይብረድ" የሚለውን ምክር እርሱት። እንደፈላ አፍስሱት።

ውሃው ራሱስ? ኩባያ ውስጥ ካለው 98 ከመቶ በላዩ ውሃ ነው። ማዕድን የበዛበት ከባድ ውሃ የቡናውን ጎምዘዝ ያለ ብሩህ ጣዕም ያደበዝዘዋል። ማዕድን ጨርሶ የሌለው የተጣራ ውሃ ደግሞ ቡናውን ለዛ ቢስ ያደርገዋል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ቶሎ ቶሎ ከተጋገረ ውሃችሁ ከባድ ነው፤ የማጣሪያ ጆግ ይረዳችኋል።

አሁን ወደሚያደናግረው ልምጣ። ሰው ቡናው ደስ ሳይለው ሲቀር "ቀጠነ" ወይም "ወፈረ" ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ቅጥነትና ውፍረት አንድ ነገር ነው። ከፍሬው ውስጥ ምን ያህል ወጣ የሚለው ሌላ ነው። ይህን ለይቶ በሠንጠረዥ ያስቀመጠው ኧርነስት ሎክሃርት የተባለ የአሜሪካ ኬሚስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ። ከቡናው ክብደት ውስጥ በውሃ ሊሟሟ የሚችለው 30 ከመቶ አካባቢ ነው። ደስ የሚል ጣዕም የሚገኘው ከ18 እስከ 22 ከመቶ ሲወጣ ነው ይባላል። ከዚያ በታች ከሆነ ይጎመዝዛል፣ ጨው ጨውም ሊል ይችላል። ከዚያ ካለፈ ይመራል፣ ምላስንም ያደርቃል።

ቤት ውስጥ ይህን የሚለካ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ምላሳችሁ ይበቃል። ቡናው ከጎመዘዘ አፈጫጨቱን ትንሽ አልሙት፤ ውሃው ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ብዙም ያወጣል። ከመረረና ምላስ ካደረቀ ትንሽ አሻክሩት። ጣዕሙ ጥሩ ሆኖ ግን ቀጠነብኝ ካላችሁ፣ ያን ጊዜ ብቻ የቡናውን መጠን ጨምሩ። እባካችሁ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። አፈጫጨቱንም ሙቀቱንም መጠኑንም በአንድ ጠዋት ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ በምን ታውቃላችሁ?

እጃችሁ ሲፍታታ የሌሎችን ዘዴ ሞክሩ። ጃፓናዊው ቴትሱ ካሱያ እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የቡና አፍሊዎች ውድድርን ያሸነፈበት ዘዴ ለቤት ይመቻል። 20 ግራም ሻካራ ቡና፣ 300 ግራም ውሃ። ውሃው ለአምስት ተከፍሎ 60 ግራም፣ 60 ግራም ይፈስሳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አፈሳሶች፣ ማለትም 40 ከመቶው፣ የጥፍጥናውንና የጉምዛዜውን ሚዛን ይወስናሉ። የመጀመሪያውን ከቀነሳችሁ ወደ ጥፍጥና ያደላል። የቀረው 60 ከመቶ ውፍረቱን ይወስናል፤ በብዙ ብትከፋፍሉት ይወፍራል፣ በጥቂቱ ከሆነ ይቀጥናል። ዘዴውን የምወድለት እያንዳንዱ አፈሳስ ለምን እንደሚፈስ ስለሚያስረዳ ነው።

ቅድም በወረቀት ጽፋችሁ ከሰጣችሁኝ ጥያቄዎች ሁለቱን ልመልስ።

"የብረት ማጣሪያ ብጠቀም ወረቀት ከመግዛት እገላገላለሁ?" አዎ፣ ትገላገላላችሁ። ቡናው ግን ሌላ ቡና ነው። ብረቱ ዘይቱንና ደቃቁን ስለሚያሳልፍ ወፈር፣ ጉሽ ያለ ይሆናል። ለሚወደው ጥሩ ነው። ኮሌስትሮል ያለበት ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ። በቡና ዘይት ውስጥ ካፌስቶልና ካህዌኦል የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋሉ። ወረቀት አብዛኛውን ያስቀራቸዋል፣ ብረት አያስቀራቸውም። ከሐኪማችሁ ጋር ስትነጋገሩ ይህንንም አንሱት።

"ቡናዬ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ አይወርድም።" ይህ ብዙዎቻችሁን የገጠመ ይመስለኛል። አብዛኛውን ጊዜ ደቃቁ ዱቄት ወረቀቱን ደፍኖት ነው። ማንኪያ ከታችሁ አታማስሉት፤ ደቃቁን ይበልጥ ወደ ታች ትሰዱታላችሁ። አፈጫጨቱን አሻክሩት፣ የአፈሳሱን ቁጥር ቀንሱ፣ ዝቅ አድርጋችሁ አፍስሱ። መፍጫችሁንም በብሩሽ አጽዱት፤ ጥርሱ ላይ የተጋገረ አሮጌ ዱቄት ጣዕሙንም ያበላሻል።

በሉ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ። ሦስቱን ማሰሮዎች ያፈላሁት ከአንድ ቡና፣ በአንድ ውሃ፣ በአንድ ድሪፐር ነው። የተለያየው አፈጫጨታቸው ብቻ ነው። በግራ ያለው ሻካራው ነው፣ በቀኝ ያለው ልሙ። ከግራ ጀምራችሁ ቅመሱ፣ በመሃል ውሃ ጠጡ፣ መሃለኛውን ለመጨረሻ አቆዩት። የትኛው እንደጎመዘዘባችሁና የትኛው ምላሳችሁን እንዳደረቀው ንገሩኝ።